የአንባብያን ጥያቄ፦ ስም፣ ቀን፣ ቦታ

ለዚህ እትም የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከወሎ ናቸው። ገሚሶቹ ጦርነቱ በደጃቸው ካለፈ ከተሞች፣ ገሚሶቹ ደግሞ ከወለጋ ተፈናቅለው ሐይቅና መርሳ አካባቢ ከተጠለሉ ሰዎች የተጻፉ ናቸው። የጸሐፊዎቹን ስም አስቀርተን፣ የሚመሳሰሉትን አጣምረን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ምዕራብ ወለጋ፣ ግምቢ ወረዳ፣ ቶሌ ላይ ያለቁብንን ወገኖች ስም እየመዘገብን ነው። መጠለያው ውስጥ ሦስት ዝርዝር ተዘጋጅቶ ሦስቱም አይገጥሙም። ባንዱ ያለው በሌላው የለም፣ ድምሩም ይለያያል። የትኛውን እንያዝ? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ሦስቱንም ያዙ። አንዱን ትክክል ብላችሁ ሌሎቹን አትቅደዱ፤ ውኃ በማይገባው ላስቲክ ጠቅልላችሁ እንዳሉ አስቀምጡና አራተኛ መዝገብ ጀምሩ። ያልገጠሙት ሰው ስለዋሸ ላይሆን ይችላል። ሦስቱም የተጻፉት በሟች ስም ተጀምሮ ስለሆነ፣ ያስታወሰ አስመዘገበ፣ ያላስታወሰ ቀረ።

አራተኛው ከቤት ይጀምር። የጎጡን ቤቶች በመንገዱ አቅጣጫ ቁጥር ስጧቸው። ለእያንዳንዱ ቤት በዚያ ጠዋት እነማን እንዳደሩ ጻፉ፤ እንግዳውንም፣ እረኛውንም፣ ለአረም የመጣውን የቀን ሠራተኛም፣ ስም ያልወጣለትን ጨቅላም። ከዚያ በኋላ ብቻ ማን ሞተ፣ ማን ቆሰለ፣ ማን አመለጠ፣ ማን የት እንደደረሰ አልታወቀም ብላችሁ ለዩ። የቅሬ (የእድር) መዝገብ ካላችሁ ለማመሳከሪያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቅሬ የሚጽፈው አባወራውን ስለሆነ ሴቶች፣ ልጆችና ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ከዚያ ውስጥ አይገኙም።

አንድን ሰው ሁለቴ መቁጠር ከመርሳት ያላነሰ ያጋጥማል። አንዲት ሴት በአባቷ ስም አንድ ጊዜ፣ «የእገሌ ባለቤት» ተብላ ሌላ ጊዜ ትገባለች። ሰይድ፣ ሰዒድ፣ ሰኢድ፤ መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሀመድ እየተባለ አንዱ ሰው ሦስት ይሆናል። የክርስትና ስሙንና የሰፈር ስሙን የማያውቅ ጸሐፊም አንዱን ሁለት ያደርጋል። መድኃኒቱ የእናት ስም ነው፤ ስም እስከ አያት፣ መጠሪያ ስም፣ የእናት ስም፣ ዕድሜ በግምት። አራቱ ከገጠሙ ሰውየው አንድ ነው።

አንድ መስመር ሲሞላ ይህን መምሰል አለበት፦ «ተራ ቁጥር 14፤ ቤት 6፤ (ስም እስከ አያት፣ መጠሪያ ስም፣ የእናት ስም)፤ ሴት፤ 9 ዓመት ገደማ፤ ከሾላው ሥር፤ ቅዳሜ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ፤ በጥይት፣ ጀርባዋ ላይ፤ አክስቷ በዓይኗ አየች፤ ያነሷት ሁለት ሰዎች፤ ከሌሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ተቀበረች።» «አክስቷ በዓይኗ አየች» የሚለውን አትዝለሉ። የያንዳንዱ መረጃ ምንጭ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ያየ፣ ከሌላ የሰማ፣ የገመተ። የሰማውን እንዳየ አድርጎ መጻፍ በኋላ በምርመራ ሲገኝ ሌሎቹን እውነተኛ መስመሮች ሁሉ ያጠራጥራል።

«ገዳይ» በሚለው አምድ የቡድን ስም ብቻ አትጻፉ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ቶሌ ላይ ለደረሰው እልቂት የተረፉት ሰዎችና መንግሥት ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት የሚለውንና መንግሥት «ሸኔ» የሚለውን ቡድን ተጠያቂ ሲያደርጉ፣ ቡድኑ ክዶ መንግሥት አደራጅቶታል ያለውን ሚሊሻ ከሷል። ሁለቱ ወገኖች እንዲህ በሚካሰሱበት ጊዜ የሚረዳው የታየው ነገር ነው፦ ልብሳቸው፣ መሣሪያቸው፣ የተናገሩት ቃል በተናገሩበት ቋንቋ፣ የመጡበትና የሄዱበት አቅጣጫ፣ ስንት እንደነበሩ፣ ስንት ሰዓት እንደቆዩ፣ ከመካከላቸው በስም የታወቀ ሰው ካለ ከየት እንደሚታወቅ።

የምስክሮቹን ስምና ስልክ በሌላ ደብተር፣ በሌላ ሰው እጅ አኑሩ። በዋናው መዝገብ «ምስክር 3» ይበቃል። ደብተሩ ኬላ ላይ ቢያዝ ሰው አብሮ እንዳይያዝ ነው። የተደፈሩ ሴቶችን እናንተ አትጠይቁ፤ ታሪኩን ደጋግሞ ማስነገር ጉዳት ነው። ጥቃቱ ሰሞነኛ ከሆነ መጀመሪያ ሆስፒታል ያድርሷቸው፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አያገለግልም፣ የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም ከ5 ቀን አያልፍም።

ጥያቄ፦ የወሎ ሰው ወለጋ ምን አደረሰው? ልጆቼ ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። (ከደሴ)

መልስ፦ ብዙዎቹን ያደረሳቸው የ1977ቱ ድርቅ ነው። ደርግ በ1977ና 1978 ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው አንሥቶ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ መተከልና ጋምቤላ አሠፈረ። ከፊሉ ወዶ ሄደ፣ ከፊሉ ተገዶ ተጫነ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በራሱ መንገድ መሬት ፍለጋ የሄደ አለ። ዛሬ የተገደሉት ልጆች ብዙዎቹ ወሎን አይተው የማያውቁ ናቸው።

የወለጋው የትጥቅ ትግል ደግሞ ከዚያ ይቀድማል። የኦሮሞ ነፃነት ግንባር በ1960ዎቹ አጋማሽ ተመሠረተ፤ መሪዎቹ በ2011 መባቻ ወደ አገር ሲገቡ የታጠቀው ክንፍ፣ ከላይ ያነሣነው ሠራዊት፣ ተለይቶ ጫካ ቀረ። ፓርላማው ሚያዝያ 28 ቀን 2013 በአሸባሪነት ፈረጀው፤ በ2015ና በ2016 ታንዛኒያ ውስጥ ሁለት ጊዜ ድርድር ተሞክሮ ሳይሳካ ቀረ። በመካከሉ ሰላማዊው ሰው ከየአቅጣጫው ተገድሏል። ጥቅምት 22 ቀን 2013 ጉሊሶ ወረዳ ጋዋ ቃንቃ ላይ የመከላከያ ሠራዊት ከአካባቢው በለቀቀ ማግስት አማሮች ለስብሰባ ተብለው ትምህርት ቤት ግቢ ተጠርተው ተገደሉ። ነሐሴ 2014 ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ አጋምሳ ላይ ደግሞ የታጠቁ የአማራ ቡድኖች ኦሮሞዎችን መግደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ለልጆችዎ ሲነግሯቸው ሁለቱንም ይንገሯቸው፤ አንዱን ብቻ የሰማ ልጅ ሌላውን ከጎረቤቱ ሲሰማ እርስዎን አያምንም።

ጥያቄ፦ ቆቦ ላይ ጳጉሜ 4 ስንት ሰው እንደሞተ እኛ እናውቃለን። የውጭ ድርጅት ሪፖርት 23 ይላል። ደማችንን አሳነሱት? (ከቆቦ)

መልስ፦ ቁጥሩ የሂውማን ራይትስ ዎች ነው። ድርጅቱ የትግራይ ኃይሎች ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ቆቦ ውስጥ 23 ሰላማዊ ሰዎችን፣ በዚያው ሰሞን ሰሜን ጎንደር ጭና ላይ 26 ሰዎችን መረሸናቸውን ጽፏል። 23 ማለት «የሞተው 23 ነው» ማለት አይደለም። ምስክሮችን ለየብቻ አነጋግሮ፣ ቃላቸው ገጥሞ፣ ውጊያ ላይ ያልነበሩ መሆናቸውን ለይቶ ያረጋገጠው ያን ያህል ነው። በተኩስ ልውውጥ መሐል የሞተው፣ ቆስሎ በሳምንቱ ያረፈው፣ ዘመዱ ተሰዶ የሚናገርለት ያጣው አይገባበትም።

ቶሌም እንዲሁ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ200 በላይ ተባለ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መንግሥት የ338 ሟቾችን ማንነት መለየቱን ተናገረ። ቁጥር የሚያድገው ስም ሲጨመር ነው። ስለዚህ የቆቦ ሰው የሚሻለው ሪፖርቱን መርገም ሳይሆን ያልገቡትን ስሞች ከላይ ለሐይቆቹ በነገርናቸው መንገድ አደራጅቶ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማስገባት ነው። ሲያስገቡ ቅጂውን ይስጡ፣ ዋናውን አይስጡ፣ የተቀባዩን ፊርማና ቀን በራስዎ ቅጂ ላይ ያስፈርሙ።

አንድ የሚናቅ ስሕተት እዚህ ላይ እንጨምር። ለውጭ አጣሪ ሲናገሩ «3 ሰዓት ላይ» ካሉ አስተርጓሚው ሳያስብ በፈረንጅ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ብሎ ይጽፋል፤ ስድስት ሰዓት ተዛነፈ ማለት ነው። የሌላው ምስክር ቃል በትክክል ከተተረጎመ ሁለታችሁ የተጋጫችሁ ትመስላላችሁ። «ጠዋት፣ ከብት ከወጣ በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት» በሉ። ቀኑንም በዕለት ስም አጅቡት፤ ጳጉሜ 4 ሐሙስ ነበር፣ ለእንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው። ቀን የማያስታውስ ምስክር ገበያውን ወይም ያለፈውን የታቦት ቀን ያስታውሳል፤ ከዚያ መቁጠር ይቻላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ወለጋ ሲገደል ሁለት ጎረቤቶች አይተዋል፤ አስከሬኑን ግን አላገኘንም። የሞት ምስክር ወረቀት ስጠይቅ «ጠፍቷል በይና አመልክቺ» ይሉኛል። ወረቀቱ ለልጆቼ ያስፈልገኛል። (ከመርሳ፣ ጃራ መጠለያ)

መልስ፦ «ጠፍቷል» ብለው አያመልክቱ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ፤ ተቀላቅለው ብዙ ሰው አሳስተዋል።

አንደኛው የመጥፋት ውሳኔ ነው። ሰውየው የት እንዳለ ሳይታወቅ፣ ወሬውም ሳይሰማ 2 ዓመት ሲያልፈው ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው ፍርድ ቤት አመልክቶ ያስወስናል። ሁለተኛው አስከሬን ሳይገኝ የሚሰጥ የሞት ፍርድ ነው። መሞቱ የተረጋገጠ ከሆነ፣ አስከሬኑን ያየ ባይኖርም፣ ፍርድ ቤቱ ሞቷል ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ ፍርዱም በሞት መዝገብ ምትክ ያገለግላል። ለዚህ 2 ዓመት መጠበቅ የለም። ሲገደል ያዩ ሁለት ሰዎች ስላሉዎት የእርስዎ መንገድ ይህ ነው። «ጠፍቷል» ብለው ቃለ መሐላ ከገቡ በኋላ «ሲገደል ታይቷል» ማለት ራስን ማስተባበል ነው፤ ወደፊት የወንጀል ምርመራ ሲከፈት ያው ወረቀት ከተከሳሽ እጅ ይወጣል።

አስቸጋሪው ቦታው ነው። የወሳኝ ኩነት ሕጉ (አዋጅ 760/2004) ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ምዝገባውም በመሠረቱ ሟቹ ይኖርበት የነበረ ቦታ ነው። ወራሽነትም የሚከፈተው እዚያው ነው። እርስዎ ወደዚያ መመለስ አይችሉም። ስለዚህ አሁን ባሉበት ወረዳ ፍርድ ቤት ያመልክቱና ለምን እዚህ እንዳመለከቱ ከማመልከቻው ውስጥ ያስገቡ፦ የመፈናቀያ ምዝገባ ካርድ፣ የመጠለያው ደብዳቤ፣ መንገዱና ጸጥታው። መዝገብ ቤቱ በቃል ከመለሰዎ የጽሑፍ ውሳኔ ይጠይቁ፤ ይግባኝ የሚባልበት በቃል የተነገረ ነገር ስለማይኖር። ማመልከቻ የሚጽፍልዎ ካጡ በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤት ሥር ያሉት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ገንዘብ አይጠይቁም።

የሚይዙት፦ ሁለቱ ምስክሮች (ለየብቻ ያዩትን የሚናገሩ፣ አንድ ዓይነት ቃል ያላጠኑ)፣ የጋብቻ ማስረጃ ወይም የጋብቻችሁን ሁኔታ የሚያውቁ ሽማግሌዎች፣ የልጆቹ የልደት ወይም የክትባት ካርድ፣ የባለቤትዎ ማንኛውም ወረቀት። የመሬት ግብር ደረሰኝ ካለዎት ቢቀደድም አይጣሉት፤ የይዞታ ደብተሩ ቤት ውስጥ ተቃጥሎ ከሆነ መሬቱ የእናንተ እንደነበር የሚናገረው እሱ ነው። የሞት ፍርዱ ከወጣ በኋላ የወራሽነት ማስረጃውን በሌላ ማመልከቻ ይጠይቁ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሙስሊም ከሆኑ ደግሞ የዒዳው 4 ወር ከ10 ቀን የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነውና የፍርዱ ቀን አያሳስትዎ፤ በዚህ ላይ ቃዲውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በ2013 ክረምት ከወልድያ ወደ ደሴ ሲሸሽ መንገድ ላይ ተለየን። ሞተም ኖረም የሚል የለም። (ከወልድያ)

መልስ፦ ለእርስዎ ከላይ ያልነው የመጥፋት ውሳኔ ይሆናል፤ 2 ዓመቱ አልፏል። ነገር ግን ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ያስቡበት፦ የመጥፋት ውሳኔ ሲጸና የጠፋው ሰው ጋብቻ ይፈርሳል። ሚስቱ ሳታውቅ አያድርጉት።

ፍለጋውን በቀይ መስቀል ይጀምሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ሄደው የጠፋ ዘመድ ፍለጋ ቅጽ ይሞላሉ፤ አይከፈልበትም። ስም እስከ አያት፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ መጨረሻ የታየበት ቦታና ቀን፣ ለብሶት የነበረው፣ አብረውት የነበሩ ሰዎች፣ የጠባሳ ወይም የተሰበረ ጥርስ ምልክት ይጠየቃሉ። ተይዞ ሊሆን ይችላል ብለው ከጠረጠሩ ይንገሯቸው፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ እስረኞችን ይጎበኛል። የጻፉላቸውን ስልክ ቁጥር አይቀይሩ። ሲም ካርድ ብዙ ጊዜ ካልሠራ ቁጥሩ ለሌላ ይሰጣል፣ የተገኘ ሰው ወሬም ለማያውቁት ሰው ይደወላል።

ጥያቄ፦ በጅምላ የተቀበሩትን አፅም አውጥተን በቤተ ክርስቲያኑ ልናሳርፍ ነው። የምንጠነቀቀው አለ? (ከራያ ቆቦ)

መልስ፦ ጎርፍ እየሸረሸረው ካልሆነ አትቆፍሩ። አፅም ከተቀላቀለ በኋላ የማን እንደሆነ መለየት እጅግ ይከብዳል፤ ጥይቱ የገባበት አቅጣጫ፣ የታሰሩበት ገመድ፣ የአቀማመጡ ሁኔታ ሁሉ በአካፋ ይጠፋል። ለጊዜው ቦታውን አጥሩ፤ ከማይነቀሉ ሁለት ነገሮች (ከድልድይ ጥግ፣ ከትልቅ ዛፍ) በሜትር ለኩና ንድፍ ሥሩ። ዛፉ ሊቆረጥ ይችላልና በስልክ የአቀማመጥ ቁጥሩንም መዝግቡ።

ማውጣት ግድ ከሆነ ፖሊስና የሕክምና ባለሙያ ይኑሩ። አንድ አካል፣ አንድ ከረጢት፣ አንድ ቁጥር። ከረጢቱ ሻራ ወይም ጆንያ ይሁን፤ ላስቲክ ርጥበት ይይዝና ያበላሻል። ልብሱ፣ ቀለበቱ፣ ክታቡ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው መታወቂያ ከአካሉ አይለይ፤ ለዘመድ መታሰቢያ ተብሎ መጀመሪያ የሚወሰደው እሱ ነው፣ ማንነቱን የሚናገረውም እሱ ነው። ከቁጥሩ ጋር ፎቶ ይነሣ። ጥርስና የጭን አጥንት አይታጠብ፤ የዘር ምርመራ የሚደረገው ከእነሱ ነው። ከዚያ በአዲሱ ቦታ ለየቁጥሩ የተለየ ስፍራ ይሰጥ፣ ንድፉ በደብሩ መዝገብ ይቀመጥ። የሙስሊሞች አፅም አብሮ ካለ ኢማሙ ከመጀመሪያው ይጠሩ።

ጥያቄ፦ በስልኬ የቀረጽኩት ቪዲዮ አለ፤ ለማስረጃ እንዴት ላስቀምጠው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አትቁረጠው፣ ጽሑፍም ሙዚቃም አትጨምርበት፣ የፋይሉን ስም አትቀይር። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ስትልከው ተጨምቆ የተቀረጸበት ቀን ይጠፋል፤ የግድ ከሆነ «ፋይል» ብለህ ላክ። ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጠህ ሁለት ቤት አስቀምጥ፣ በወረቀት ላይም ማን፣ የት ቆሞ፣ መቼ እንደቀረጸው ጽፈህ ፈርምበት። ፌስቡክ ላይ የተለቀቀ ማስረጃ ይሆናል ብለህ አትተማመን፤ አንዱ የሌላ አገር ጽሑፍ ለጥፎበት የቀረጽከው ራሱ ሐሰት ተብሎ ሲመለስ ታያለህ።

ጥያቄ፦ ጉዳዩን በአበጋር (በወሎ የሽማግሌዎች እርቅ) ብንጨርሰው ወንጀሉ ይቀራል? ስንት ዓመትስ ካለፈ ይርጋ ያግደዋል? (ከደቡብ ወሎ)

መልስ፦ አይቀርም፤ ይርጋም የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል፣ የሰው ዘር ማጥፋትና ያለ ፍርድ መግደል በይርጋ፣ በምሕረትና በይቅርታ እንደማይታለፉ ደንግጓል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 269 ስለ ዘር ማጥፋት፣ 270 በሰላማዊ ሰው ላይ ስለሚፈጸም የጦር ወንጀል ነው። ኢትዮጵያ የሮም ስምምነት አባል ስላልሆነች ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በራሱ አይገባበትም፤ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲውም ሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል።

አበጋር የሚከለክል ሕግ ግን የለም። በጎረቤቶች መካከል ቂም በቀልን ለማቆም፣ መንገድና ገበያ ለማስከፈት ከእሱ የሚፈጥን የለም። የእርቁ ቃል ሲጻፍ «ደም ደርቋል» የሚለው በቤተሰቦቹ መካከል መሆኑን፣ የመንግሥትን ክስ እንደማይነካ በግልጽ አስፍሩ። የሟች ወገን ካሳ ስለተቀበለ ምስክርነቱን ተወ ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ እርሻዬ ላይ ጭራ ያለው ብረት አገኘሁ። ቁራሌው ልግዛህ ብሎኛል። (ከጋሸና)

መልስ፦ አይንኩት። ጭራ ያለው ብዙ ጊዜ የሞርታር ጥይት ነው። ረግረግ ወይም የታረሰ መሬት ላይ ስለወደቀ ሳይፈነዳ ቀርቶ እንጂ ሞቶ አይደለም፤ ሲተኮስ መቆለፊያው ተከፍቷል፣ ስለዚህ ካልተተኮሰው ይልቅ የተተኮሰው ይፈራል። ዝገቱም አያረጀውም፣ የበለጠ ስስ ያደርገዋል።

በገቡበት ዱካ ይመለሱ፣ ከብቶቹንም በዚያው ያውጡ። ከሱ ራቅ ብለው፣ ሰው በሚመጣበት በኩል ሁሉ፣ ድንጋይ ከምረው ቀይ ጨርቅ ያስሩ፤ ብረቱ ላይ ግን ምንም አያድርጉ። ቁርጥራጩ ከ100 ሜትር አልፎ ይሄዳልና ልጆች በዚያ ዙሪያ አያግዱ። ለቀበሌና ለፖሊስ ያመልክቱ፤ የሚያነሣው የመከላከያ መሐንዲስ ነው። እስኪመጡ ገለባ አያቃጥሉ፣ አጠገቡ አያርሱ፣ ድንጋይ አይወርውሩበት። አንድ ከተገኘ ሌላም ሊኖር ይችላልና የቀረውን እርሻ ከማረስዎ በፊት ለመሐንዲሱ ይንገሩት። ለቁራሌውም ሆነ ለሠፈሩ ቀጥቃጭ አይሽጡት።